እርጅናና ሐኪሙ፦ ከስታንሊ ሆል የጡረታ ዘመን ጥናት

እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉስተር በተባለው ከተማ የሚገኘውን ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ከሠላሳ ዓመታት በላይ በፕሬዚዳንትነት የመሩት ፕሮፌሰር ግራንቪል ስታንሊ ሆል በጡረታ ተገለሉ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከሰባ ዓመት አልፎ ነበር። ሆል በአገራቸው ለሥነ ልቦና ትምህርት መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። በ1878 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ የዶክትሬት ማዕረግ ሲቀበሉ በአሜሪካ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ፤ በ1892 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1909 ደግሞ ሲግመንድ ፍሮይድን ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ጋብዘው ንግግር እንዲያደርግ አድርገዋል። ከሁሉ ይበልጥ ስማቸውን ያስጠራው ግን በ1904 በሁለት ቅጽ ያሳተሙት፣ ስለ ጉርምስና ዕድሜ የሚያትተው መጽሐፋቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ከተመለከቱት በስተቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያህል ዘመን ስለ ሕፃናትና ስለ ጎረምሶች ሲመራመሩ የኖሩ ምሁር፣ ጡረታ በወጡ ማግስት የተገነዘቡት ነገር ስለ ራሳቸው ዕድሜ የሚያውቁት እጅግ ጥቂት መሆኑን ነው። የሥራ ሰዓት ቀረ፤ ተማሪዎች ቀሩ፤ ቢሮው የሌላ ሰው ሆነ። ሆል ቤታቸውን ከጣሪያው ሥር እስከ ምድር ቤቱ ፈትሸው መጻሕፍቶቻቸውንና በየጊዜው ያጠራቀሟቸውን ወረቀቶች ለዩ። ከዚያም በሕይወታቸው ሁሉ የለመዱትን ሥራ ጀመሩ፤ ማለትም ጉዳዩን ማጥናት። የጥናታቸው የመጀመሪያ ፍሬ በጥር 1921 «አትላንቲክ መንዝሊ» በተባለው መጽሔት ስማቸው ሳይገለጽ የወጣ ጽሑፍ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ያለው፣ ስለ መጨረሻው የዕድሜ አጋማሽ የሚናገረው መጽሐፋቸው ታተመ። በአሜሪካ ስለ እርጅና በሥነ ልቦና ባለሙያ ከተጻፉት ሰፋፊ ሥራዎች ቀዳሚ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

የጤና ባለሙያውን በቀጥታ የሚመለከተው የመጽሐፉ ክፍል ገና በመግቢያው ላይ ይገኛል። ሆል አዲሱን ኑሮአቸውን ሲጀምሩ ስለ ጤንነታቸው ለመማከር ወደ ተለያዩ ሐኪሞች ሄዱ። ሐኪሞቹ በመጠን መብላት፣ በቂ እንቅልፍ መተኛት፣ ንጹሕ አየር ማግኘት፣ ሳይደክሙ መንቀሳቀስና ከጭንቀት መራቅ እንደሚገባ ሁሉም ተስማሙ። ከእነዚህ ማንም ከሚያውቃቸው ምክሮች ባለፈ ግን አንዱ የመከረውን ሌላው ሲከለክል አገኙት። በመጨረሻ የደረሱበት መደምደሚያ አጭርና ለሙያው የማያኮራ ነው፤ ከእንግዲህ በአብዛኛው የራሴ ሐኪም ራሴ መሆን አለብኝ አሉ። ይህን ያሉት ሐኪም ዘንድ የመድረስ ዕድል ያላጡ፣ የተማሩና በአገሩ ዝነኛ የነበሩ ሰው መሆናቸው ሊታሰብበት ይገባል።

መጽሐፉ በየአቅጣጫው ይንሸራሸራል። ስለ እርጅና ታሪክ፣ አረጋውያን ስለ ራሳቸው ስለጻፉት፣ ስለ ስታቲስቲክስ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ሥነ ሕይወትና በመጨረሻም ስለ ሞት ሥነ ልቦና ምዕራፎች አሉት። ዘመኑ እርጅናን በአንድ መድኃኒት ለመመለስ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ጊዜ ስለነበር፣ ሆልም ለዚያ ተስፋ ሰፊ ቦታ ሰጥተዋል። በ1903 የእርጅናን ሳይንስ «ጄሮንቶሎጂ» ብሎ የሰየመው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ እርጅና በትልቁ አንጀት ውስጥ በሚኖሩ ተሕዋስያን መርዝ ይፋጠናል ብሎ እርጎ መጠጣትን ያበረታታ ነበር። በቪየና ስታይናኽ፣ በፓሪስ ቮሮኖፍ የዘር እጢን በማሰርና የዝንጀሮ እጢ በመትከል ወጣትነትን እንመልሳለን ይሉ ነበር። ከእነዚህ መካከል እርጎው ብቻ ያለ ጉዳት ቆይቷል፤ ለዕድሜ ማራዘሚያነቱ ሳይሆን ለምግብነቱ።

የመጽሐፉ ዘላቂ ዋጋ ያለው ግን በሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ሆል ቀደም ሲል ልጆችን ለማጥናት ያዘወትሩት የነበረውን የጽሑፍ መጠይቅ አሁን ለአረጋውያን ላኩ። እርጅና እየመጣ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት መቼና በምን ምልክት እንደሆነ፣ ጤንነታቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ፣ የሚጸጽታቸው ነገር እንዳለ፣ ከሕፃናትና ከወጣቶች ጋር መዋል ያስደስታቸው እንደሆነ፣ ስለ ሞት ከድሮው የበለጠ ያስቡ እንደሆነ ጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከድሮው ይልቅ አሁን በሐኪም ላይ ያላቸው መተማመን ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። የተገኙት መልሶች የተለመዱ ሁለት ግምቶችን አናጉ። በዕድሜ መግፋት ብቻ የሞት ፍርሃት አይጨምርም፤ የሃይማኖት ስሜትም በራሱ አይበረታም። ሰው ሲያረጅ ሁሉም በአንድ መልክ ያረጃል የሚለው አስተሳሰብም ከመልሶቹ ብዛትና ልዩነት ፊት ሊቆም አልቻለም።

ጥናቱ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ሆል መጠይቁን የላኩት በአብዛኛው ለታወቁና ለተማሩ ሰዎች ነው። በድሆች መጠለያ ውስጥ የሚኖሩት፣ ማንበብ የማይችሉት፣ በሰው ቤት ሠርተው ያረጁት ድምፃቸው አልተሰማም። ስለሆነም ውጤቱን ለሁሉም አረጋዊ ማዋል አይቻልም። ያም ሆኖ ዘዴው ራሱ ለዘመኑ አዲስ ነበር፤ ስለ አረጋውያን ከመናገር በፊት አረጋውያንን መጠየቅ።

በዚሁ ዘመን በኒውዮርክ የነበሩ ሌላ ሰው ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ በሐኪምነት መንገድ ደርሰው ነበር። በቪየና የተወለዱት ዶክተር ኢግናትስ ናሸር ናቸው። ስለ እርሳቸው ደጋግሞ እንደሚተረከው፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳሉ ከመምህራቸው ጋር የድሆች መጠለያ ሲጎበኙ አንዲት አሮጊት ሕመማቸውን ይናገራሉ። ናሸር ሕመሙ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ መምህሩ እርጅና እንደሆነ ነገሯቸው። ምን ሊደረግላቸው ይችላል ብለው ሲጠይቁም ምንም የሚል መልስ አገኙ። ይህ መልስ ከልባቸው ሳይጠፋ ቆይቶ በ1909 ለአረጋውያን ሕክምና «ጄሪያትሪክስ» የሚለውን ስያሜ አወጡ፤ በ1914 ደግሞ ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተሙ። መከራከሪያቸው ግልጽ ነበር። የሕፃናት ሕክምና ራሱን የቻለ ዘርፍ የሆነው ሕፃን ትንሽ አዋቂ ስላልሆነ ነው፤ አረጋዊም የተበላሸ አዋቂ አይደለም፤ ለዕድሜው ትክክለኛ የሆነ የአካል ሁኔታ አለው፤ በሽታ የሚለካው ከዚያ አንጻር ነው።

ሆል ከወጣቶች ጥናት፣ ናሸር ከሕፃናት ሕክምና ተነሥተው ወደ አንድ ነጥብ መድረሳቸው የአጋጣሚ አይመስልም። ሁለቱም እርጅናን ከጎልማሳነት የተረፈ ፍርፋሪ አድርገው አላዩትም። ሆል እንዲያውም እርጅና ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ እንደሚጀምርና የራሱ ሥራ፣ የራሱ ጣዕም ያለው ዘመን እንደሆነ ጽፈዋል።

«እርጅና ነው» የሚለው መልስ

የናሸር መምህር መልስ ከመቶ ዓመት በኋላም በየምርመራ ክፍሉ ይሰማል። በአገራችን ደግሞ መልሱን የሚሰጠው ሁልጊዜ ባለሙያው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ራሳቸው ቀድመው ይናገሩታል። «ምን ያመኛል ልጄ፣ እርጅና ነው» ይላሉ። አብሯቸው የመጣው ልጅ «ጃጅተዋል» ይላል። ባለሙያውም ረጅም ሰልፍ ከበሩ ውጭ ስለሚጠብቀው ሦስተኛ ሆኖ ይስማማል። ሦስት ሰዎች የተስማሙበት ነገር ለመመርመር አስቸጋሪ ነው።

በመዝገብ ላይም እንዲሁ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች አሥረኛ ምደባ ውስጥ ለእርጅና የተመደበ መለያ ኮድ አለ። አሥራ አንደኛው ምደባ በ2022 ሥራ ላይ ሊውል ሲቃረብ በዚያ ቦታ «እርጅና» የሚለው ቃል በቀጥታ ሊገባ ታቅዶ ነበር። ሆኖም ከልዩ ልዩ አገሮች ባለሙያዎችና የአረጋውያን ማኅበራት ብርቱ ተቃውሞ ስለቀረበ ቃሉ ተነሥቶ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የውስጣዊ አቅም መቀነስን በሚገልጽ ሐረግ ተተካ። ተቃዋሚዎቹ የፈሩት፣ «እርጅና» የሞትም የሕመምም ምክንያት ተብሎ ከተጻፈ እውነተኛው በሽታ ሳይፈለግ እንዳይቀር ነው። ጉዳዩ የቃላት ክርክር ይመስላል። በሟች መዝገብ ላይ «እርጅና» ተብሎ የተጻፈለት ሰው በልብ ድካም፣ በሳንባ ምች ወይም በካንሰር ሞቶ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይለውም።

እርጅናንና በሽታን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል መመዘኛ አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። እርጅና በዓመታት የሚቆጠር ዝግ ያለ ለውጥ ነው። የኩላሊት የማጣራት አቅም፣ የሳንባ ጉልበት፣ የጡንቻ ብዛት፣ የጥማት ስሜት ከዓመት ወደ ዓመት ጥቂት በጥቂት ይቀንሳሉ፤ ሰውየው በዕለት ኑሮው ላያስተውለው ይችላል። የሚቀንሰው በዋነኛነት መጠባበቂያው አቅም ነው፤ ስለዚህ ሰውነቱ በሰላሙ ጊዜ ይበቃዋል፣ ሕመም ሲጨመርበት ግን ቶሎ ይሸነፋል። ባለፈው ሳምንት ገበያ ደርሰው የተመለሱ ሰው ዛሬ ከመኝታ መነሣት ካቃታቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ አላረጁም። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የመጣ ለውጥ ሁሉ ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል።

አንዲት የሰባ አምስት ዓመት እናት በልጃቸው ተደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። ሦስት ቀን ሆኗቸዋል እህል ካልቀመሱ፤ ቀን ቀን ያንቀላፋሉ፣ ሌሊት የሞቱ ዘመዶቻቸውን ይጣራሉ። አያስሉም፤ ደረታቸውን አያማቸውም። ሙቀታቸው 36.9 ሆኖ ተመዝግቧል። ልጃቸው እንደተለመደው ጃጅተዋል ይላል። እዚህ ላይ ሙቀት የለም ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ ምክንያቱም በብዙ አረጋውያን ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ይመጣል፤ የተለመደ ሙቀታቸውም ከወጣቶች ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። የእኚህን እናት አተነፋፈስ አንድ ሙሉ ደቂቃ የቆጠረ ነርስ 28 ቢያገኝ ግን የሳንባ ምችን ይጠረጥራል። ሳልና ትኩሳት የሌለው፣ መደናገርና የምግብ እምቢታ ብቻ የሚታይበት የሳንባ ምች በዚህ ዕድሜ ያልተለመደ አይደለም። ትንፋሽ መቁጠር ሰዓት እንጂ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ በችኮላ ጊዜ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚዘለለው እርሱ ነው።

እንዲህ በድንገት የሚመጣውና ከሰዓት ሰዓት የሚለዋወጠው መደናገር ዴሊሪየም ይባላል። በወራትና በዓመታት ከሚያድገው ዲሜንሽያ የተለየ ነው፤ ምንም እንኳ ዲሜንሽያ ያለበት ሰው ለዴሊሪየም ይበልጥ የተጋለጠ ቢሆንም። መለያው ጥያቄ ለቤተሰቡ የሚቀርብ ነው፦ «ከመቼ ጀምሮ? የዛሬ ሁለት ሳምንት እንዴት ነበሩ?» መልሱ «ደኅና ነበሩ» ከሆነ ዴሊሪየም እንደ አስቸኳይ ሕመም ይታያል። የልብ ሕመም ያለ ደረት ሕመም፣ የሽንት መታገድ በመቅበዝበዝ ብቻ፣ የስኳር መውረድ በመንቀዥቀዥ ሊገለጡ ይችላሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ መፍትሔ አላቸው።

በመድኃኒት ስለሚመጣ «እርጅና»

ይህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚመጣው ከራሱ ከጤና ተቋሙ ነው። ሰውነት ሲያረጅ የውሃው መጠን ይቀንሳል፣ የስቡ ድርሻ ይጨምራል። በስብ ውስጥ የሚከማቹ እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች በወጣት ሰውነት ከሚቆዩት እጅግ ረዝመው ይቆያሉ። ለእንቅልፍ ተብሎ ማታ የተሰጠው ክኒን ማግስቱን ቀን ሲያንገዳግድ ይውላል። አረጋዊው ይወድቃሉ፤ የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል፤ ቤተሰቡም መውደቃቸውን በዕድሜያቸው ያሳብባል። አሚትሪፕቲሊንና ለጉንፋን እንደዋዛ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን አፍ ያደርቃሉ፣ ሽንት ያግዳሉ፣ አእምሮ ያደናግራሉ። እንዲህ ያሉትን ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶች ዘርዝረው በአሜሪካ ዶክተር ማርክ ቢርስና ባልደረቦቻቸው ያወጡት መመዘኛ መጀመሪያ የወጣው በ1991 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየታደሰ ይገኛል።

ለወገብና ለጉልበት ሕመም በየክሊኒኩ የሚወጋው ዳይክሎፌናክ ደግሞ ኩላሊትንና ጨጓራን ይጎዳል፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የልብ ድካምንም ያባብሳል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ጡንቻቸው የሳሳ አረጋዊ ኩላሊታቸው በግማሽ ደክሞ እያለ የላቦራቶሪ ውጤታቸው «ኖርማል» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ከዕድሜና ከክብደት ጋር ተሰልቶ እንጂ ለብቻው አይነበብም።

ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ግሊቤንክላማይድ በአገራችን ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። በሁዳዴ እስከ ቀትር በኋላ እህል ሳይቀምሱ የሚውሉ እናት፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾሙ አባት ክኒኑን እንደወትሮው ጠዋት ከዋጡ ስኳራቸው ይወርዳል። በወጣቱ ላይ የሚታየው ላብና መንቀጥቀጥ በእነርሱ ላይ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ዝምታ፣ ግራ መጋባት ወይም በአንድ ጎን መድከም ነው። ይህ በስትሮክ ወይም በ«መጃጀት» ተተርጉሞ ወደ ቤት የተመለሰ እንደሆነ አደጋው የከፋ ነው። ጾምን መከልከል ከባለሙያው አይጠበቅም፤ ቢከለክልም አብዛኞቹ አይሰሙትም፤ ሳይነግሩት ይጾማሉ። ከጾሙ መግባት አስቀድሞ መጠየቅ፣ የመድኃኒቱን ዓይነት ወይም ሰዓት ማስተካከልና አስፈላጊ ሲሆን የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት መሪን ማማከር ግን ይቻላል።

የተለያዩ ተቋማት የሰጧቸው መድኃኒቶች በአንድ ፌስታል ውስጥ ይከማቻሉ። አንዳንዱ የጎረቤት ነው፤ አንዳንዱ ጊዜው አልፎበታል፤ አንዳንዱ በሁለት የንግድ ስም የተጠቀለለ አንድ መድኃኒት ነው። ካርድ ላይ የተጻፈውን ከማመን ፌስታሉን ማስመጣት ይሻላል።

ማየት፣ መስማት፣ መናገር

በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ያህሉ ዓይነ ስውር እንደሆነ የተገመተ ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ከቤት መውጣት ያቆሙ፣ ልጆቻቸውን በድምፅ ብቻ የሚለዩ፣ «ዐይኔም ከእኔ ጋር አረጀ» የሚሉ ሰው በመንደሩ ሁሉ ዘንድ ያረጁ ተብለው ይቆያሉ። የጆሮ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የማይሰማ ሰው ለጥያቄ የተሳሳተ መልስ ስለሚሰጥ አእምሮው የደከመ ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜ በጆሮው ውስጥ የተጋገረው ኩክ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ «ዲሜንሽያው» አብሮ ይታጠባል።

መናገርን በተመለከተ የአሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም የሮበርት በትለር ሥራ ይጠቀሳል። በትለር በ1969 በዕድሜ ምክንያት ሰውን ዝቅ አድርጎ ማየትን ከዘር አድልዎ ጋር አነጻጽረው ስም ያወጡለት ሰው ናቸው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብለው በ1963 ባወጡት ጽሑፍ፣ አረጋውያን ያለፈውን ዘመን ደጋግመው ማውራታቸው የአእምሮ መድከም ምልክት ነው የሚለውን የጊዜውን የሐኪሞች እምነት ተቃወሙ። ሰው ወደ ሕይወቱ መጨረሻ ሲቃረብ የኖረውን መለስ ብሎ ማየቱና ማመዛዘኑ ጤናማ ተግባር እንደሆነ አስረዱ። ሆል ከአርባ ዓመት በፊት በወረቀት የጠየቁትን በትለር በአልጋ አጠገብ ሰሙት ማለት ይቻላል።

ለእኛ ባለሙያዎች ይህ ወግ የምርመራ መሣሪያም ነው። የልደት ቀናቸውን የማያውቁ አረጋውያን ዕድሜያቸውን በዘመን ምልክት ይናገራሉ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የበኩር ልጄን ታቅፌ ነበር የሚሉ እናት ዛሬ ሰባ ዓመት እንዳለፋቸው ይገመታል። ይህን ሲናገሩ ዘመኑን በቅደም ተከተል ማስቀመጣቸው፣ የልጆቻቸውን ስም በተራ መጥራታቸው፣ ትናንት ከማን ጋር እንደመጡ ማስታወሳቸው ስለ አእምሯቸው ሁኔታ ከብዙ መጠይቅ የበለጠ ያስረዳል፤ በተለይ ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች ከውጭ የተቀዳው ባለነጥብ ፈተና በማይሠራበት ጊዜ።

ችግሩ የሚናገሩበት ዕድል ማጣታቸው ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ላመጣቸው ልጅ ነው፤ የሚመልሰውም እርሱ ነው። ሽንት የሚያመልጣቸው እናት በወንድ ልጃቸው ፊት ይህን አይናገሩም። በምራታቸው ቤት የሚበሉት ያነሳቸው አባት ምራታቸው አጠገባቸው ቆማ ሳለ ለምን እንደከሱ ቢጠየቁ ዕድሜያቸውን ያሳብባሉ። ልጁን በአክብሮት «እስቲ ለአምስት ደቂቃ ውጭ ጠብቀን» ማለት፣ ከዚያም «አባባ» ወይም «እማማ» ብሎ ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ ብዙ የተሸሸገ ነገር ያወጣል። የሚያዝኑ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ ባላቸውን ወይም ልጃቸውን ቀብረው እህል ያስጠላቸው አረጋዊ የሚታከም ድባቴ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ሐዘኑ የሚያሳምን ምክንያት ስላለው ብቻ ሕክምና አያስፈልገውም ማለት አይደለም።

አልጋ ላይ ስለቀሩት

ሆል ያልደረሱባቸውን፣ በመጠለያና በሆስፒታል የተረሱትን አረጋውያን ታሪክ የለወጠችው እንግሊዛዊቷ ዶክተር ማርጆሪ ዋረን ናት። በ1935 በለንደን አቅራቢያ በሚገኘው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሥር የገባውን የድሆች መታከሚያ እንድትመራ ተመደበች። ከሰባት መቶ በላይ ሕሙማን ነበሩበት፤ ብዙዎቹ ለዓመታት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ በቅጡ ሳይመረመሩ ኖረዋል። ዋረን አዲስ መድኃኒት አላመጣችም። እያንዳንዱን መረመረች፤ እንደ ሕመማቸው ለየች፤ አልጋዎቹን ዝቅ አደረገች፤ ግድግዳውን በብርሃን ቀለም አስቀባች፤ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ አስመጣች። ተስፋ የለውም ከተባለው ውስጥ ብዙው ተነሥቶ ሄደ። በ1943 እና በ1946 ባወጣቻቸው ጽሑፎች ለአረጋውያን ራሱን የቻለ የሆስፒታል ክፍል እንዲቋቋም ተከራከረች፤ በብሪታንያ የአረጋውያን ሕክምና የተመሠረተው በዚህ ነው።

በእኛ ሆስፒታሎች ያለው ሁኔታ የተለየ ቢሆንም አልጋው ተመሳሳይ ነው። አንድ አረጋዊ ያለ እንቅስቃሴ በአልጋ ላይ በሚያሳልፉት በእያንዳንዱ ቀን ጡንቻቸው ይሟሽሻል፤ በአሥር ቀን የጠፋው ጉልበት በወር ላይመለስ ይችላል። በሳንባ ምች ገብተው፣ ሳንባቸው ድኖ፣ መራመድ የማይችሉ ሆነው ይወጣሉ። አስታማሚው በፍቅር ብዛት ሁሉንም ነገር ሲያደርግላቸው፣ ሲያጎርሳቸውና ሲደግፋቸው ይህ ይፋጠናል። ስለዚህ ለአስታማሚው የሚሰጠው መመሪያ ከሐኪሙ ትእዛዝ ያላነሰ ክብደት አለው፤ በቀን ሦስት ጊዜ አልጋው ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ፣ ቀጥሎ ማቆም፣ ቀጥሎ እስከ መስኮቱ ማራመድ፣ ራሳቸው እንዲጎርሱ መተው። ከማቆም በፊት ግን የደም ግፊታቸው በተኙበትና በቆሙበት ሊለካ ይገባል፤ ለደም ግፊት ወይም ለሽንት የሚወስዱት መድኃኒት ሲቆሙ ግፊቱን ጥሎት እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ ሦስት ያህል ነበሩ። ድርሻው አነስተኛ ስለሆነ ጉዳዩ ወደ ኋላ ይደረጋል፤ ይሁንና ከሰባ ሦስት ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ ሲሰላ ቁጥራቸው ያን ጊዜም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበር። የጡረታ አበል የሚያገኙት በመደበኛ ቅጥር የቆዩት ብቻ ናቸው፤ ገበሬው፣ የቤት እመቤቷ፣ የጉልት ነጋዴዋ በልጅና በዘመድ ትከሻ ላይ ናቸው። ልጁ ወደ ከተማ ወይም ወደ ባሕር ማዶ በሄደበት ቤት ያ ትከሻ የለም፤ ገንዘብ ቢላክም ክኒኑን የሚያስታውስ፣ ስትወድቅ የሚያነሣ ሰው አይላክም።

ሆል መጽሐፋቸው ከታተመ በኋላ በ1923 የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ፤ በሚያዝያ 1924 ዐረፉ። በሐኪም ላይ ያላቸው መተማመን ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደሆነ አረጋውያኑን የጠየቁበት ጥያቄ ዛሬም በማንኛውም የጤና ጣቢያ ያለ ወጪ ሊጠየቅ ይችላል። ተገቢው ጊዜ ካርዱ ከተዘጋና መድኃኒቱ ከታዘዘ በኋላ፣ አረጋዊቱ ምርኩዛቸውን አንሥተው ከመውጣታቸው በፊት ነው፦ «እማማ፣ ያልጠየቅሁዎት ነገር አለ?»